የበግ ጸጉር የተኛባቸው አሥራ ሁለት አልጋዎች

ለክቡር የደጋው ወረዳ የአእምሮ ሕክምና ማስፋፊያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሰላምታዬ በፊት ለማንም ነግሬው የማላውቀውን አንድ ነገር ላስቀድም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ የመኪናው መንገድ በሚያበቃበት በጤና ጣቢያው ደጃፍ፣ የሆስፒታል መኪና ልጄን ከሕመሙ ከተሻለው በኋላ መልሶ አምጥቶልኝ ነበር። ሾፌሩ ስሜን ከወረቀት ላይ አንብቦ ጠራ። ከመኪናው ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። «አቤት» አላልኩም። መኪናው ልጄን እንደያዘ ተመለሰ።

ይህን ለሟቹ ባሌ ወንድሞች አልነገርኩም፤ ለቄሱም አልነገርኩም፤ ከሁለት ዓመት በፊት በጠና ታምሜ እሞታለሁ ባልኩ ጊዜ እንኳ አልወጣኝም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔው ግን ነቅዟል። ለእርስዎ የምነግርዎት ኮሚቴዎ ባለፈው ወር በየጤና ጣቢያው ግድግዳ በለጠፈው ማስታወቂያ «ማንኛውም ዜጋ በእቅዱ ላይ ያለውን አስተያየት በጽሑፍ ያቅርብ» ብሎ በትሕትና ስለጋበዘን፣ እኔም ከዚህ የተሻለ አስተያየት ስለሌለኝ ነው።

እንግዲህ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎን፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የልጆችዎን ጤና፣ እንዲሁም የተከበሩ የኮሚቴው አባላትን ጤና አጥብቄ እጠይቃለሁ። እርስዎ ያሉበት ቆላ እንደኛ ስለማይበርድ ደረትዎን እንደማያስቸግርዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን፤ ደህና መሆናችንን ያወቅነውም ከእናንተው ጥናት ነው።

እኔ ማፔሎ እባላለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ባሌ ድንበር ማዶ በወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ሲሠራ በየጊዜው ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር፤ በመንደራችን ማንበብ የሚችለው ባለ ሱቁ ብቻ ስለነበረ የባሌን ናፍቆት ጨው ሊገዛ ለመጣው ሁሉ እያሰማ ያነብልኝ ነበር። ከዚያ እፍረት ለመዳን ስል ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ እያስተያየሁና እየገመትኩ ፊደል ለየሁ። ከዚያ በኋላ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ አነባለሁ፤ የእናንተንም ባለ አርባ ሁለት ገጽ ጥናት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አባላቱ ራሳቸው ስንት ጊዜ እንዳነበቡት ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም።

ቅሬታ ማቅረብ አይሆንልኝም፤ የሚከተሉትን እንደ ምስጋና ይቁጠሩልኝ።

፩. ስለ ጥናቱ አመሰግናለሁ። «በወረዳው የተመዘገቡት የአእምሮ ሕሙማን አሥራ ዘጠኝ ብቻ በመሆናቸው የተኝቶ ሕክምና ክፍሉን ሥራ ማስጀመር አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም» የሚለውን መደምደሚያ በአክብሮት ተመልክቼዋለሁ። ያጠኑት ሰዎች ወደኛ የመጡ ዕለት ከመኪናው መንገድ እስከ መንደራችን ያለውን የአንድ ሰዓት የፈረስ መንገድ ስላልወደዱት፣ የመንደሩን አለቃ ወደ ታች አስጠርተው፣ በመኪናቸው ጥላ ሥር አቁመው፣ መንደሩ ውስጥ አእምሮው የታመመ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁት። አለቃችን እንግዳ ፊት የቤቱን ገመና የሚያወጣ ሰው አይደለም። «ተመስገን ነው ጌቶቼ፣ ሁላችንም ደህና ነን» አላቸው። ይህን ያለው በዚያው ጠዋት ለገዛ ታናሽ ወንድሙ ገንፎውን በተቆለፈ በር ሥር አሹልኮለት ወርዶ ነው። ወንድሙ ከዚያ ጎጆ ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አሥራ ዘጠኙ እንግዲህ እንደምንም ቆላ ድረስ የዘለቁት ናቸው። ወንዝ የተሻገረውን ብቻ ቆጥሮ «ማዶ የቀረ ሰው የለም» ማለት ለኛ ለደጋ ሰዎች የማይደረስበት ጥበብ ነው።

፪. ስለ ሕንጻው አመሰግናለሁ። በወረዳው ሆስፒታል ግቢ ጥግ የተሠራውን፣ ሰማያዊ በርና ሰፋፊ መስኮት ያለውን ቤት ከሦስት ዓመት በፊት ሲመረቅ እኔም በቦታው ነበርኩ። ሪባን ተቆርጧል፤ ስለ ሰው ልጅ ክብር ረዥም ንግግር ተደርጓል፤ አሥራ ሁለቱ አልጋዎችም ከነላስቲካቸው ገብተዋል። በሁለተኛው ሳምንት የበግ ጸጉር መጋዘኑን ጣራ ነፋስ ገንጥሎ ስለወሰደው፣ ኮሚቴዎ «ለጊዜው» በምትል አንዲት ቃል የጸጉሩን ጆንያዎች ወደዚያ እንዲያስገቡ ፈቀደ። ባለፈው መጋቢት ሄጄ በመስኮቱ አየሁ። በእያንዳንዱ አልጋ ላይ ሁለት ሁለት ጆንያ ጋደም ብሏል። ሴባታ የሚባለው ዘበኛ አጠገቤ መጥቶ ቆመና «አይ ማፔሎ፣ በጉ ራሱ ቢመጣ ደብድቤ ነው የምመልሰው። ጸጉሩ ግን ወረቀት አለው» አለኝ። ሳቅን። ክቡር ሆይ፣ እኛ ደግሞ እንስቃለን። ለዚያ ክፍል ተብላ ሁለት ዓመት የሠለጠነችው ነርስ ሬፊልዌ ሕፃናት ስትመዝን ትውላለች። ሰላም ስላት ወደ ሰማያዊው በር ሳታይ ነው የመለሰችልኝ።

፫. ስለ አዲሱ መኪና አመሰግናለሁ። በጥናቱ መጨረሻ እንደሰፈረው ኮሚቴው በአልጋዎቹ ፋንታ በበረዶ የሚሄድ ጠንካራ መኪና አቅርቦ፣ ሕሙማንን ወደ ቆላው ሆስፒታል «በፍጥነትና በክብር» ሊያደርስ አስቧል። ስለዚህ ስለ መኪናው ነው ብዙ የምጽፍልዎት፤ ከመኪና ጋር የቆየ ትውውቅ አለኝ።

ልጄ ፔሎ የታመመው አባቱን በቀበርን በሁለተኛው ወር ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ባሌ ከማዕድኑ የተረፈውን ሳንባ ይዞ መጥቶ ቤቱ ሞተ፤ ፔሎ ግን አባቱ በሕመም መሞቱን መቀበል አቃተው። በመጀመሪያ እንቅልፍ ከዓይኑ ጠፋ። ከዚያ አባቱ ከመሬት በታች ሆኖ እንደሚጣራ ይነግረኝ ጀመር። «እማ፣ አባባ አልሞተም እኮ። ጉድጓዱ ተደርምሶበት ነው። ዝም በይና አዳምጪ፣ ድንጋዩን ሲያንኳኳ ይሰማሻል» ይለኛል። አዳመጥኩለት። እናት አይደለሁ? ጆሮዬን ከወለሉ ላይ ጣልኩ። ከዚያ የቤታችንን ወለል ቆፈረ፤ ከዚያ የከብቱን በረት ቆፈረ፤ በመጨረሻ አካፋውን ይዞ ወደ መቃብሩ ሄደ።

መቃብር የነካ ሰው በመንደራችን ምን እንደሚጠብቀው ያውቃሉ። የባሌ ወንድሞች ደርሰው በፈረስ መጫኛ አሰሩት። በማግስቱ ጤና ጣቢያው ድረስ አወረድነው፤ ፖሊስም በመኪናው ጭኖ ወደ ቆላ ወሰደው። በጤና ጣቢያው የመላኪያ ወረቀት ላይ «ኃላፊነት የሚወስድ የቅርብ ዘመድ፣ ስም በመታወቂያው ላይ እንዳለ» ይላል። እኔ የነበረኝ ከማግባቴ በፊት ድንበር ተሻግሬ አስፓራገስ የሚባል አትክልት ለመልቀም ያወጣሁት አሮጌ ፓስፖርት ብቻ ነው። ጸሐፊው ከእሱ ላይ «ፑሌንግ ሞካኔ» ብሎ ገለበጠ። ፈረምኩ።

ክቡርነትዎም እናት ያሳደገችዎት ስለሚመስለኝ ይህን ማስረዳት አይገባኝም። በሠርጌ ዕለት አማቴ «ከዛሬ ጀምሮ ማፔሎ ነሽ» ብላ ስም አወጣችልኝ፤ የፔሎ እናት ማለት ነው። ፔሎ የተወለደው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ገና ሳይፀነስ የእሱ እናት ተብዬ ተጠርቻለሁ። ፑሌንግ ሞካኔ የምትባለውን ልጃገረድ በባሌ መንደርም ሆነ በጤና ጣቢያው የሚያውቃት አንድ ሰው አልነበረም። ስሟን እዚያ ያጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ የማውቃትም እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጥቁር ለብሼ ነበር። ጥቁር የለበሰች ሴት ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ትገባለች፤ ከደጇ ውጭ አታድርም፤ ሰው በተሰበሰበበት ወደ ጎን ገለል ብላ ትቆማለች። ዓመቱ እስኪሞላና ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ጥቁሩን እስኪያወልቅላት እንዲህ ነው። ወደ ቆላው ሆስፒታል ሄዶ ለመመለስ ደግሞ ሁለት ሌሊት ውጭ ማደር ያስፈልጋል። የወረዳው ሆስፒታል ግን በፈረስና በታክሲ ጠዋት ተሂዶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሱበታል። አንድ አልጋ እዚያ ኖሮ ቢሆን በየሳምንቱ ገንፎዬን በጨርቅ ጠቅልዬ እሄድ ነበር። እየተሻለው ሲሄድ በዓይኔ አይ ነበር። የፈራሁት ልጅ ቀስ በቀስ ተመልሶ ልጄ ሲሆን አይ ነበር። በጥናቱ ሠላሳ አንደኛ ገጽ ላይ «የቤተሰብ ጉብኝት ማነስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚል አለ። ምክንያቱ እንዳይጠፋብዎት ብዬ ነው ይህን ያስረዘምኩት።

በአራተኛው ወር፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ መድኃኒቴን ልቀበል ወደ ጤና ጣቢያው ወረድኩ። ከመንደራችን ሌላ ሰው አልነበረም። የሌላ መንደር ሴቶች በር ላይ ተሰልፈዋል፤ እኔ እንደ ወጉ ጥቁሬን ተከናንቤ ከግድግዳው ጥግ ለብቻዬ ቆሜያለሁ። መኪናው መጣ። ሾፌሩ ወረደና ወረቀት ገልጦ «ፑሌንግ ሞካኔ የምትባል አለች?» አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ እዚህ አገር እንዲህ የምትባል ሴት እንደሌለች ነገረችው፤ ሌላዋ ደግሞ መንገድ ተሳስተህ ይሆናል፣ ወንዙን ተሻገር አለችው። እሱም የታመመ ሰው ድኖ እንደመጣ፣ ከፈረመችው ሴት በቀር ለሌላ ሰው ማስረከብ እንደማይፈቀድለት፣ በረዶው የተራራውን ማለፊያ ሳይዘጋው መመለስ እንዳለበት አስረዳቸው።

በመስኮቱ አየሁት። ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ፊቱ ሞልቶ፣ ከሰው የተዋሰው የሚመስል ኮት ለብሶ ቁጭ ብሏል። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። አይንቀሳቀሱም፤ ቆፋሪ እጆች አይደሉም። መዳኑን ያኔ ማየት እችል ነበር። እኔ ግን መቃብሩን አየሁ። አካፋውን አየሁ። ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል። ያን አራት ወር እንቅልፍ ተኝቼ ነበር። ባሌ ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። አንድ ወር ብቻ፣ ቢበዛ ጥቁሬን እስካወልቅ ልተኛ አልኩ በልቤ። አፌ አልተከፈተም።

ሾፌሩ ወደ መኪናው ዞሮ «ወንድሜ፣ እስቲ አንተው እይ። እናትህ ከነዚህ መካከል አለች?» አለው።

ፔሎ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየ። ዓይኑ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ እኔ ዘንድ ደረሰ። ዓይናችን ተገናኘ። ጥቁር ስለለበስኩ ሳይለየኝ ቀርቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን ብዙ ዓመት ዋሽቻለሁ፤ ግን እሱ ነው ያንን ጥቁር ከገበያ ገዝቶ ያመጣልኝ። ለየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ወዲያኛው መስኮት አዞረና፣

«የለችም፤» አለ። «እናቴ እዚህ የለችም።»

ድምፁ ጤነኛ ነበር። ከታመመ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ጤነኛ ድምፁ ያ ነው።

ሰኔ በረዶ ጣለ። ማለፊያው እስከ ነሐሴ ተዘጋ። ታኅሣሥ ላይ ዓመቱ ሞላና ጥቁሬን አወለቁልኝ፤ በማግስቱ ኮት ገዝቼ፣ የራሱ የሆነ ኮት፣ ወደ ቆላ ወረድኩ። በሆስፒታሉ በር ላይ መዝገብ የያዘ አንድ ሽማግሌ ነበር። የልጄን ስም ነገርኩት። መዝገቡን ሳይገልጥ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው እናቴ፣ ወዴት ነበርሽ?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። መስከረም ላይ በሳንባ ምች እንደሞተና እነሱው እንደቀበሩት፣ ዘመድ ዘንድ ደብዳቤ ልከው ተቀባይ እንዳጡ ነገረኝ። አድራሻህ የት ነው ብለው ሲጠይቁት ይመልስላቸው የነበረውንም ነገረኝ፦ «እናቴ ጥቁር ለብሳለች፤ መንገድ አትወጣም። ስታወልቅ ራሷ ትመጣለች፤ ተዉአት፣ አታስቸግሯት።» ተሽሎት ሳለ፣ የሚረከበው ሰው ስላልነበረ ብቻ፣ የሌሎቹን ሕሙማን ብርድ ልብስ እያጠበ አራት ወር ኖረ። ስመለስ በጤና ጣቢያው መሳቢያ ውስጥ ደብዳቤውን አገኘሁት። ለወይዘሮ ፑሌንግ ሞካኔ ይላል። በላዩ ላይ በእርሳስ «የማትታወቅ» ተብሎ ተጽፎበታል።

አሁን ቁጥሩን የት ላይ እንዳቆምኩ ጠፋኝ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አራተኛም አምስተኛም ምስጋና አስቤ ነበር፤ አንዱ ስለ አዲሱ የርክክብ ቅጽ ነበር። ይቅር።

የምለምነው ስለ ሞተው አይደለም። ሊምፖ የምትባል ሃያ ዓመት የሆናት የጎረቤቴ ልጅ አለች። ባለፈው ዓመት ከወለደች በኋላ አእምሮዋ ታወከ፤ ሕፃኑን ውኃው ሊወስደው ነው እያለች በክረምት ወደ ገደሉ ይዛው ሁለት ጊዜ ወጥታለች። ታላቅ ወንድሟ ቴቦሆ በአንድ እግሯ ከቤቱ ምሰሶ ጋር አስሯታል። ክፉ ልጅ አይደለም። ገመዱ እንዳይልጣት የበግ ቆዳ ቆርጦ ከሥሩ አንጥፎላታል፤ በየጠዋቱ ይፈታውና ቁርጭምጭሚቷን በሞቀ ውኃ አጥቦ መልሶ ያስረዋል። አንድ ቀን ይህን ሲያደርግ ደረስኩበት። «ፈረሴን እንኳ እንዲህ አልንከባከበውም» አለኝ፤ ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር፤ እሱ ራሱ ግን ሊስቅ አልቻለም።

ሊምፖ ሰው ሲገባባት ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር አለ። ትልቅ ሰው ሲገባ መነሣት ነበረባትና «ይቅርታ እማማ፣ ብነሣልሽ ደስ ባለኝ። ገመዱ ነው» ትለኛለች። በየቀኑ ነው የምሄደው። በየቀኑ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። በየጠዋቱ ሕፃኑን አያቱ ከሩቅ ታሳያታለች፤ ደህና መሆኑን ስታይ ታመሰግናለች፤ እንድታቅፈው ግን አትጠይቅም።

ሊምፖን ከመንደራችን አውጥቶ ጠዋት ወደ ወረዳው ሆስፒታል መውሰድ ይቻላል። ነርስ አለች፤ አልጋ አለ፤ መስኮት አለ። እናቷ በየሳምንቱ ሕፃኑን አዝላ ሄዳ፣ አሳይታት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመለሳለች። የሚጎድለው የጸጉሩ ፈቃድ ብቻ ነው። ኮሚቴዎ በሚያዝያ አሥራ አምስት በሚያደርገው ስብሰባ በጎቻችንን አማክሮ ጆንያዎቹን ቢያነሣልን፣ በረዶው ሳይወርድ እናደርሳታለን። ካልሆነ የክብሩ መኪና ወደ ቆላ ይወስዳታል፤ ሕፃኑ የእናቱን ፊት ሳያውቅ እግር ያወጣል፤ አንድ ቀን ደግሞ መኪናው ድና መልሶ ሲያመጣት፣ መንገዱ በሚያበቃበት ቦታ ማን ቆሞ እንደሚጠብቃት አላውቅም። ቴቦሆ ጥሩ ልጅ ነው። እኔም ጥሩ ሴት ነበርኩ። አራት ወር የተኛ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ርቀት ክቡር ሆይ ሰውን ያስፈራል፤ በየሳምንቱ ያላዩት ሕመምተኛ ሲመለስ ሕመሙ ብቻ የተመለሰ ይመስላል።

ከወረቀቱ ላይ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። የሊምፖ እናት ማቴቦሆ ማንበብ አትችልም። ባለፈው እሑድ መጥታ «ማፔሎ፣ አንቺ ነሽ ወረቀት የምታውቂው። ልጄን አንቺ ፈርሚልኝ» አለችኝ። እስክሪብቶ እንኳ ይዛ ነበር የመጣችው። እሺም እምቢም ሳልላት ነው የሸኘኋት። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት እሷ ከደጄ እንደወጣች ነው።

ኮሚቴው ለሕዝቡ ለሚደክመው ድካም፣ ለታተሙት አርባ ሁለት ገጾች፣ ለተቆረጠው ሪባን፣ ለሦስት ዓመቱ «ለጊዜው»ም ጭምር ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ እንቅልፍዎ ሳይቋረጥ፣ ደጃፍዎ በሐዘን ሳይረገጥ፣ ልጆችዎም በስማቸው ተጠርተው በስማቸው ቤታቸው እንዲገቡ እየተመኘሁ፣ የእርስዎ ትሑት አገልጋይና በመዝገባችሁ የማትገኘው የሕመምተኛ እናት፤

ማፔሎ
በወረቀታችሁ ላይ ደግሞ ፑሌንግ ሞካኔ

ከፊርማ በኋላ የመጣ፦ ዘበኛው እንደነገረኝ ጸጉሩ ውርጭና እርጥበት እንዳይነካው በየሳምንቱ ማክሰኞ መስኮቶቹ ይከፈታሉ፤ ጆንያዎቹም አንድ ጎናቸው እንዳይጎዳ ይገላበጣሉ። አልጋ ላይ ለዋሉት ስለሚደረገው እንክብካቤ ኮሚቴውን ከልብ አመሰግናለሁ።

ግልባጭ፦

ለወረዳው ጋዜጣ፤ ካልጠበበው።

ለነርስ ሬፊልዌ።

ለባሌ ታላቅ ወንድም፤ ከእኔው አፍ ቢሰማው ስለሚሻል አጠገቡ ተቀምጬ አነብለታለሁ።

የመጀመሪያው ቅጂ ግን ለክቡርነትዎ አይደለም የሚደርሰው። ለማቴቦሆ ነው። ነገ ጠዋት ቤቷ ሄጄ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ ሊምፖም እየሰማች አነብላታለሁ። አንብቤ ስጨርስ እስክሪብቶውን አሁንም ከዘረጋችልኝ፣ እፈርማለሁ።